ሐምሌ ላይ ለምን ይበርዳል?

ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ መጀመሪያ ያናደደችኝ ፀሐይ ናት። ሰው በሰው ይናደዳል፣ በመንግሥት ይናደዳል፤ እኔ የተናደድኩት በፀሐይ ነው። ጊዜው በፈረንጆቹ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። ከካርቱም በመጣሁ በሦስተኛው ሳምንት፣ ጥር ላይ፣ ሂልቶፕ በሚባለው ሰፈር በምንኖርባት ጠባብ ቤት መስኮት ወደ ውጭ ሳይ ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና የለችም። ፀሐይዋ ቦግ ብላ በረዶው ላይ ስታርፍ ዓይን ታጭበረብራለች። እኛ አገር እንዲህ ያለ ቀን ያገኘ ሰው ብርድ ልብሱን ያጥባል፣ በርበሬውን ያሰጣል። እኔም አንድ ስስ ሹራብ ደርቤ፣ ራሴን ሳልሸፍን፣ ብሮድ ስትሪት ላይ ካለው የባስ ፌርማታ ሄጄ ቆምኩ።

ባሱ የመጣው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ጣቶቼ የእኔ መሆናቸው ቀርቶ ነበር። ጆሮዬን ስነካው እንደ ካርቶን ደርቋል። ፊቴን ወደ ፀሐይዋ አዞርኩ። ብርሃን ትሰጣለች፤ ሙቀት የሚባል ነገር ግን የላትም። ወለል ብላ እየታየች ሰው ታታልላለች። ባሱ ውስጥ ገብቼ ከተቀመጥኩ በኋላ እንኳ እንባዬ ከብርዱ ይሁን ከንዴቱ መለየት አልቻልኩም።

ማታ ቤት ስገባ እትዬ ጆሮዬን አይታ በሳቅ ፈነዳች። እትዬ የአክስቴ ልጅ ናት። በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ አሜሪካም በአራት ዓመት ቀድማኝ የመጣች፣ ሆስፒታል ኪችን ውስጥ የምትሠራ፣ ለሁሉም ነገር መልስ የማታጣ ሴት ናት።

“አንቺ፣ አገር ቤት ያስተማርሽው ጂኦግራፊ ነው ወይስ የእጅ ሥራ?” አለችኝ።

ምን ልበላት? ጂኦግራፊ ነው ያስተማርኩት። ደብረ ማርቆስ፣ ሰባተኛ ክፍል፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። በየዓመቱ ምዕራፍ ሦስት ላይ ስንደርስ ሰሌዳው ላይ ክብ እሠራለሁ፤ በክቡ መሐል ሃያ ሦስት ዲግሪ ተኩል ያዘመመ መስመር አሰምራለሁ፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ አስጽፋለሁ። ምድር ዘንበል እንዳለች በፀሐይ ዙሪያ ስለምትዞር ወቅቶች ይፈራረቃሉ። ፀሐይ ከአናት በላይ ቀጥ ስትል ይሞቃል፣ ወደ ጎን ዝቅ ስትል ይበርዳል። በጥር ወር በሰሜን አገሮች ፀሐይ ዝቅ ብላ እንደምትሄድና ሙቀቷ እንደሚሳሳ እኔን ያህል ያስጻፈ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ይኼን ሁሉ እያወቅኩ በሹራብ ወጣሁ።

ሥራ ያገኘሁት ዳውንታውን ያለ አንድ ሆቴል ላንድሪ ውስጥ ነው። ላንድሪው ምድር ቤት ስለሆነ መስኮት የለውም። ማድረቂያዎቹ ቀኑን ሙሉ ሲነዱ ስለሚውሉ ዓመት ከዓመት ሐሩር ነው። ውጭ በረዶ ሲወርድ እኛ በአጭር እጅጌ እያላበን አንሶላ እናጥፋለን፤ ከሥራ ስንወጣ ደግሞ ላቡ ጀርባችን ላይ ይቀዘቅዛል። አለቃችን ጨዋ ሴት ነበረች። በየጠዋቱ ግን የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “ዛሬ ውጭው እንዴት ነው?” ትለኛለች። ሊፍት ውስጥ የማታውቂው ሰው “ዛሬ ይበርዳል፣ አይደል?” ይልሻል። ባስ ውስጥም እንደዚያው። አዎ ይበርዳል! ትናንትም በርዶ ነበር! እኔ ሰው ከሰው ጋር የሚያወራው አጥቶ ስለ ሰማይ ሲያወራ መስማት ጨጓራዬን ይልጠው ነበር።

አየሩ ራሱ ደግሞ እምነት የሚጣልበት አይደለም። መጋቢት ላይ አንድ ሳምንት ይሞቅና ሰው ሁሉ በቁምጣ ይወጣል፣ ዛፉ ማቆጥቆጥ ይጀምራል፣ አንቺም ተሞኝተሽ ወፍራሙን ካፖርት አጥበሽ ታስቀምጫለሽ። በሦስተኛው ቀን በረዶ ነው። ያ ሁሉ እንዳይበቃ ሰዓቱንም ይነካኩታል፤ አንድ እሑድ ጠዋት ስትነሺ ቀኑ አንድ ሰዓት ወደፊት ሄዷል። ታኅሣሥ ላይ ከሥራ ስወጣ ጨልሞ ይጠብቀኛል፤ ሰኔ ላይ ደግሞ እራት በልተን፣ ዕቃ አጥበን፣ ለመተኛት ስንዘጋጅ ፀሐይ ገና መስኮቱ ላይ ናት። ደብረ ማርቆስ ቢያንስ ቀኑ ቀን ነው፣ ሌሊቱም ሌሊት ነው። ቀኖች ይረዝማሉ፣ ያጥራሉ እያልኩ ዘጠኝ ዓመት አስጽፌያለሁ፤ ሲረዝሙና ሲያጥሩ ግን አይቼ አላውቅም ነበር።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ማስተማር እፈልግ ነበር። አንሶላ ሳጥፍ በሐሳቤ አስተምራለሁ። ባስ ውስጥ ቆሜ አስተምራለሁ። እትዬ አንድ ጊዜ በእንቅልፍ ልቤ “ከኋላ ያላችሁ፣ ዝም በሉ!” ስል እንደሰማችኝ ነግራኛለች። ከዚያ ምድር ቤት ወጥቼ ሰሌዳ ፊት ካልቆምኩ የምሞት ይመስለኝ ነበር። ሌላ ነገር አልመኝም፤ መኪናም፣ ቤትም፣ ባልም አላማረኝም።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ማታ ማታ እንግሊዝኛ የምታስተምረን አንዲት ፈረንጅ ሴት ነበረች፤ አስተማሪ እንደነበርኩ ነግሬአት ስለነበር አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ አስቀረችኝ። ዋይንላንድ ፓርክ አካባቢ ያለ አንድ ትንሽ የግል ትምህርት ቤት የሳይንስ ረዳት አስተማሪ ይፈልጋል። የአገር ቤት ዲፕሎማ አያስጨንቃቸውም፤ አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምራ እንያት ብለዋል። ለአምስተኛ ክፍል። ርእሱንም መርጠው ሰጥተዋል፤ ወቅቶች ለምን ይለዋወጣሉ?

ርእሱን ስሰማ ሳቄ መጣ። ምዕራፍ ሦስት! እግዜር አንገቴን ዳብሶ “አይዞሽ” ያለኝ መሰለኝ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ኪችን ውስጥ ልምምድ ጀመርኩ። የጠረጴዛ መብራቱን ክዳን አውልቄ አምፖሉን ፀሐይ አደረግኩት። ብርቱካን መሐል ለመሐል በእርሳስ ወግቼ ምድር አደረግኳት። እርሳሱን ዘንበል አድርጌ ይዤ ጠረጴዛውን ስዞር እትዬ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ትመለከተኛለች።

“ይኼ ሁሉ ጣጣ ለምንድነው?” አለች። “ፀሐይ ስትቀርብ ይሞቃል፣ ስትርቅ ይበርዳል። በቃ። የሰው ልጆች አታድርቂ።”

“እትዬ፣ በርቀት አይደለም! እንዲያውም ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በገና ሰሞን ነው።”

“በየትኛው ገና?”

“በእኛው ገና። ታኅሣሥ መጨረሻ።”

“ሂጂ ወዲያ! ባለፈው ገና መኪናዬ ፍሪዝ አድርጎ አልነሳም ያለኝ ፀሐይ ቀርባው ነው? ማን ነው እንዲህ ያለሽ?”

“መጽሐፍ ነዋ።”

“መጽሐፉን የጻፈው ሰውዬ ኦሃዮ መጥቶ አያውቅም።”

ሦስት ጊዜ አዙሬ አሳየኋት። በሦስተኛው ላይ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። እሷ ግን ረጋ ብላ “ጨርሰሽ ከሆነ ብርቱካኗን ልብላት?” አለችኝ። ተናድጄ ወደ መኝታ ቤቴ ገባሁና ማስታወሻዬን በጽሑፍ አወጣሁ፤ ልክ ደብረ ማርቆስ እንደማስጽፈው፣ ርእሱ ከነመስመሩ፣ ነጥቦቹ በተራ በተራ። አንዲት ቃል እንኳ አልቀየርኩም። ለምን እቀይራለሁ? ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል።

የፈተናው ቀን ኦፍ ወስጄ ሄድኩ። ያለኝን አንድ ደህና ሱፍ ቀሚስ ለብሼ፣ ፀጉሬን ተተኩሼ፣ ከሰዓቱ ሃምሳ ደቂቃ ቀድሜ ደርሻለሁ። ክፍሉ ውስጥ ሃያ ሁለት ልጆች ነበሩ። በሰልፍ ሳይሆን በየክብ ጠረጴዛው ዙሪያ አራትም አምስትም ሆነው ተቀምጠዋል፤ ግማሾቹ ጀርባቸውን ለሰሌዳው ሰጥተዋል። መነጽር ያደረገችው ወጣት የክፍሉ አስተማሪና ረጅሙ ርእሰ መምህር ከኋላ ወንበር ይዘው ማስታወሻ ዘርግተዋል።

ጠመኔውን አነሣሁ። ርእሱን ጽፌ አሰመርኩበት። ቀጥሎ ክብ ሠራሁ። ያለ ኮምፓስ፣ ሳላቋርጥ፣ የተስተካከለ ክብ መሥራት እችልበታለሁ። ልጆቹ “ዋው!” ሲሉ ሰማሁና ልቤ ሞቅ አለው። የምድርን ዘንግ አሰመርኩ፤ የመጀመሪያውን ነጥብ ጻፍኩ፤ ወደነሱ ዞሬ “ጻፉ” አልኩ።

ማንም አልጻፈም። እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ “ይኼን ሁሉ?” አለ። አስተማሪዋ ከኋላ ሆና በእጇ ምልክት ስትሰጣቸው ወረቀት ፍለጋ ተጀመረ፤ መሳቢያ ተከፈተ፣ እርሳስ ወደቀ፣ አንድ ልጅ መቅረጫ ፍለጋ ከክፍሉ ጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ። አራት ደቂቃዬ አለቀ። ደብረ ማርቆስ “ጻፉ” ካልኩ ስድሳ ልጅ በአንድ ጊዜ ሲያቀረቅር የብዕሩ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው።

መብራቱንና ብርቱካኑን ሳወጣ ነገሩ ተሻለ። ከወንበራቸው ተነሥተው ከበቡኝ። ሰኔ ላይ ሰሜኑ ወደ ፀሐይ እንደሚያዘነብል፣ ኦሃዮ ላይ ፀሐይ ከፍ እንደምትል፣ ቀኑም እንደሚረዝም አሳየኋቸው። ታኅሣሥ ላይ ምድርን በመብራቱ ማዶ አዞርኳት፤ ዘንበል ያለችበት አቅጣጫ አልተለወጠም፣ ብርሃኑ ግን አሁን በደቡቡ በኩል ነው። ገባቸው። ፊታቸው ላይ ይታያል። ርእሰ መምህሩም ራሱን ሲነቀንቅ አየሁት። “ወደ ቦታችሁ” አልኳቸውና ሁለተኛውን ነጥብ መጻፍ ጀመርኩ።

ዞር ስል አንዲት ልጅ እጇን አውጥታለች። ፊት ለፊት ከተቀመጡት ናት፤ ቀይ ሹራብ ለብሳ፣ ፀጉሯን ሁለት ቦታ ተጎንጉናለች። ሳልጨርስ እጅ ሲወጣ አልለመድኩም። እኛ ዘንድ ጥያቄ የሚጠየቀው መጨረሻ ላይ ነው፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ደወል ይደወላል። እንደምንም ፈገግ ብዬ ፈቀድኩላት።

“እርስዎ የመጡት ከየት ነው?” አለች።

“ከኢትዮጵያ።”

“እዚያ ትምህርት የሚዘጋው መቼ ነው?”

“እንደ እናንተው ሐምሌና ነሐሴ።”

“ስለሚሞቅ?”

“አይደለም። በእነዚያ ወራት ይዘንባል፣ ይበርዳል።”

ልጅቷ ብርቱካኑን አየት አደረገች።

“ኢትዮጵያ ከምድር ወገብ በላይ ናት ወይስ በታች?”

“በላይ። ወደ ሰሜን” አልኳት። ጎበዝ ልጅ ናት ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

“እኛም በሰሜን ነን። በዚያ ጊዜ ሰሜኑ ወደ ፀሐይ ያዘነብላል፣ ይሞቃል ብለውናል። ታዲያ እናንተ አገር ሐምሌ ላይ ለምን ይበርዳል?”

እኔም ብርቱካኑን አየሁ። ሐምሌን አውቀዋለሁ። ደብረ ማርቆስ ሐምሌ ማለት ጉም ነው፣ ጭቃ ነው፣ በሁለት ሹራብ ላይ ጋቢ ነው። በዚያው በሐምሌ ፀሐይዋ ከአናታችን ብዙም እንደማትርቅ ደግሞ ክቡን እየሠራሁ ዘጠኝ ዓመት አስተምሬያለሁ። ሁለቱንም አውቃለሁ። አንድ ቀን እንኳ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ አይቻቸው አላውቅም። መልስ ፍለጋ ራሴን በረበርኩ፣ ምንም የለም።

ከዚያ አፌ ብቻውን ተናገረ።

“ይኼ በዛሬው ትምህርት ውስጥ የለም። ተቀመጪ።”

“ተቀምጫለሁ” አለች ልጅቷ።

ለማሾፍ አልነበረም። እውነትም ተቀምጣለች፤ እዚያ አገር ልጅ ሲጠይቅ ከመቀመጫው አይነሣም። ክፍሉ ግን በሳቅ አውካካ። ደሜ ፈላ። ጠረጴዛውን በመዳፌ መትቼ “ዝም በሉ!” አልኩ። ያ ድምፄ ስድሳ ልጅ ፀጥ የሚያሰኝ ኃይል ነበረው። ሳቁ ቀጥ አለ። አንድ ትንሽ ልጅ ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ሲጀምር መነጽር ያደረገችው አስተማሪ ብድግ ብላ ሄዳ አጠገቡ ቆመች። የቀረውን አሥር ደቂቃ ለሰሌዳው ሳስተምር ጨረስኩ።

ርእሰ መምህሩ በር ድረስ ሸኘኝ። “ትምህርቱን በደንብ ያውቁታል” አለኝ እጄን እየጨበጠ። “ኮል እናደርግልዎታለን።”

ከዚያ በኋላ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከእትዬ ቀድሜ አነሣለሁ። “አንቺ፣ እኔም እኮ ሰው ይፈልገኛል!” እያለች ትቆጣኛለች። በዘጠነኛው ቀን ጸሐፊያቸው ደወለች። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፤ ስለ ጊዜዬ በጣም ያመሰግናሉ። ስልኩን ዘጋሁና ኪችን ውስጥ ቁጭ አልኩ።

“የቀረባቸው እነሱ ናቸው” አለች እትዬ። “ተያቸው።”

ልታጽናናኝ ነው፤ ግን እሷም አናደደችኝ። በሁሉም ተናድጄ ነበር። በክብ ጠረጴዛቸው፣ በእርሳስ መቅረጫቸው፣ በፈገግታቸው። ከሁሉም በላይ በዚያች ልጅ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንሶላ እያጠፍኩ ከአሥር ዓመት ልጅ ጋር በሐሳቤ ተከራከርኩ። ከፍታ ቦታ ስለሆነ ነው እላታለሁ፤ ከፍታው ጥርም ላይ ያው ነው ትለኛለች። ስለሚዘንብ ነው እላታለሁ፤ ለምን ያን ጊዜ ይዘንባል ትለኛለች። አንድም ቀን አሸንፌያት አላውቅም።

በአራተኛው ሳምንት ኦፍ በሆንኩበት ቀን ዳውንታውን ያለው ትልቁ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ኢንሳይክሎፒዲያውን አንድ በአንድ እያወረድኩ፣ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አስቀምጬ፣ ስለ ሐሩር አገሮች ዝናብ የሚለውን አገኘሁ። አንድ ገጽ ተኩል ነው። ፀሐይ የቆመችበት አካባቢ መሬቱ ይግላል፣ አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከውቅያኖስ እርጥብ ነፋስ ይሳባል፣ ዝናብ ይሆናል። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስታቀና የዝናቡ መቀነት ይከተላታል፤ ሰኔ ላይ እኛ ጋ ይደርሳል። ደመናው ያቺኑ የጠራችውን ፀሐይ ይሸፍናል፣ ዝናቡ ምድሩን ያቀዘቅዛል። መስከረም ላይ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስትመለስ ዝናቡም ይከተላታል፤ ሰማዩ ይጠራል። ኦሃዮ ላይ በረዶ የሚያወርደውና ደብረ ማርቆስ ላይ ሐምሌን የሚያመጣው አንድ ነገር ነው፤ ያ ብርቱካኑ ላይ የሰካሁት ዘንበል ያለ እርሳስ።

መጽሐፉን ዘግቼ በንዴት አለቀስኩ። ምክንያቱም ይኼንንም አስተምሬዋለሁ! ምዕራፍ ሰባት፤ የኢትዮጵያ የአየር ንብረት። ነፋሱን ከነአቅጣጫው፣ ዝናቡን ከነወሩ አስጽፌያለሁ። ምዕራፍ ሦስትን ጥቅምት ላይ፣ ምዕራፍ ሰባትን የካቲት ላይ። በመሐላቸው ማዕድናትና ወንዞች ነበሩ። ዘጠኝ ዓመት በየዓመቱ ሁለቱን አስተምሬ፣ በሁለቱ ላይ ፈተና አውጥቼ፣ አርሜ፣ አንድ መሆናቸውን ሳላይ ቀረሁ። መጽሐፉ አላገናኛቸውም ብዬ ለማሳበብ ሞከርኩ። ማንበብ የምችለው ግን እኔ ነበርኩ።

ቤት ገብቼ ትምህርት ቤቱ ተመልሼ እንደምሄድ ስነግራት እትዬ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

“ጃቡ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል አይደል?”

“አዎ።”

“ታዲያ ምን ልትሠሪ ነው?”

“መልስ ልሰጥ።”

“ለአሥር ዓመት ልጅ? ክሬዚ ሆነሻል።”

ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄድኩ። ግንቦት ነበር፤ መንገዱ ዳር ያሉት ዛፎች ሁሉ ቅጠል አውጥተዋል፤ እኔ ግን ለዚያ አየር ስለማላምን ካፖርቴን ይዣለሁ። የክፍሉ አስተማሪ በር ላይ ስታየኝ ግራ ገባት። ሥራ ልለምን የመጣሁ መስሏት ይቅርታ መጠየቅ ጀመረች። ለዚያ እንዳልሆነ ነገርኳት። ጥቂት አሰበችና የምሳ ሰዓት ስለነበር ልጅቷን ከመመገቢያው አስጠራችልኝ። ሳንድዊቿን ይዛ መጣች። ዛሬ ሹራብ የላትም።

ብርቱካን በእርሳስ ወግቼ ይዤ ነበር። ከላንድሪ ከተጣለ አንሶላ ደግሞ ቀጭን ነጭ ጨርቅ ቀድጃለሁ። ጨርቁን ብርቱካኗ ወገብ ላይ ጠምጥሜ “ይኼ ዝናብ ነው” አልኳት። የጠረጴዛውን መሐል ፀሐይ ብዬ ምድርን በዙሪያው አዞርኳት፤ ሰሜኑ ወደ ፀሐይ ሲያዘነብል ጨርቁን በጣቴ ወደ ላይ ገፋሁት። ያለ ማስታወሻ፣ ያለ ነጥብ፣ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ። ልጅቷ መብላቱን ትታ ጨርቁን ታያለች።

“ቆይ” አለች። “ደመናውን የምትጠራው ራሷ ፀሐይዋ ናት? ከዚያ ደመናው ይሸፍናታል?”

“አዎ!” አልኩ፤ ጮህኩ ማለት ይቀላል። “አዎ፣ እንደሱ ነው!”

ብርቱካኗን ከእጄ ወስዳ ራሷ አዞረቻት። ጨርቁን ወደ ላይ፣ ወደ ታች። መስከረም ላይ ዝናቡ የት እንደሚሄድ ሳልነግራት አሳየችኝ። በሕይወቴ እንደነዚያ አሥር ደቂቃዎች ያስተማርኩበት ጊዜ የለም። ደስታ ነበር፤ ግን የሚያቃጥል ደስታ ነው፤ ከዚያ ስወጣ ወደ ላንድሪው እንደምመለስ አውቃለሁና።

“ጥያቄዬ ጥሩ ነበር ማለት ነው?” አለችኝ።

“በጣም ጥሩ ነበር።”

“እርስዎ አገርስ ማንም ልጅ ጠይቆዎት አያውቅም?”

አያውቅም ልላት አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ነው የመጣችብኝ። ማስተማር በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ከመጨረሻው ረድፍ የተነሣች ልጅ። ከከተማው ውጭ ከገበሬ ቤት እየተመላለሰች ነበር የምትማረው። በእንግሊዝኛ መጠየቅ ስላልቻለች በአማርኛ ጠየቀችኝ፤ ያ ራሱ ጥፋት ነበር። “ቲቸር፣ ሐምሌ ላይ ፀሐይ ብልጭ ስትል የቤታችን ጥላ ወደ ደቡብ ነው የሚወድቀው። ፀሐይ ከላያችን አልፋ ወደ ሰሜን ሄዳለች ማለት ነው። ታዲያ ለምን ይበርደናል?” የቤታቸውን ጥላ አይታ፣ ወሩን ለይታ፣ ከሰሌዳዬ ጋር አስተያይታ። ስድሳው ልጅ መልሴን ይጠብቃል። ልትፈትነኝ መሰለኝ። ደጅ አስወጣኋት። ደወል እስኪደወል ጠጠሩ ላይ ሆና በመስኮቱ ትታየኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ዓመቱን ሙሉ እጇን አላወጣችም፤ እኔም ፀባይዋ ተሻሻለ ብዬ ረሳኋት።

“አንዲት ልጅ ጠይቃኛለች” አልኩ።

“ምን አሏት?”

“ተንበርከኪ አልኳት።”

ልጅቷ ሳንድዊቿን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ግንባሯን ቋጥራ ልትረዳኝ ሞከረች።

“ለመጸለይ?”

አስተማሪዋ ከወረቀቷ ቀና ብላ አየችኝ። አዎ ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር።

“አይደለም” አልኳት። “ዝም እንድትል ነው።”